የጥሎሹ ቦርሳ

ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ማውራት ይቀናናል። ኩሪየሩ ሰበረው፣ ጉምሩክ አዘገየው፣ ደንበኛዋ ዋሸች እንላለን። ዛሬ የምንጽፈው ጥፋቱ ከእኛ እጅ ስለወጣበት ጊዜ ነው። 635 ዶላር አስከፍሎናል፣ አንዲት እናት ፊትም አሳፍሮናል።

እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ሁለታችን ናይሮቢ ኢስሊ ነን፣ አንዷ ዱባይ ዴራ። የምንሸጠው ያገለገለ ግን ኦሪጅናል የሆነ የሴት ቦርሳ፣ ሰዓትና ሻርፕ ነው። ዴራ ያለችው ትገዛለች፣ ፎቶ ታነሳለች፤ ናይሮቢ ያለነው በቴሌግራምና በኢንስታግራም እንለጥፋለን። ገዢ ሲገኝ እቃው ከዱባይ በቀጥታ በገዢው ስም በአየር ይላካል። መነሻ ገንዘባችን ዕቁብ ነበር፣ አሁንም ጉድለት ሲመጣ የምንሮጠው ወደ ዕቁቡ ነው። ትርፉ ከሩቅ ሲያዩት ብዙ ይመስላል። 1,180 ዶላር የተገዛ ቦርሳ 1,450 ይሸጣል፤ ከመሀሉ ማጓጓዣና ቀረጥ 95 ዶላር ይወጣለታል። የሚተርፈው 175 ለሦስት ይካፈላል። ስለዚህ አንድ ቦርሳ ሲበላሽ የአራትና የአምስት ቦርሳ ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ የሆነው በ2025 ከፋሲካ በኋላ ነው። እንደምታውቁት ጾሙ ሲፈታ ሰርግ ይከመራል፣ ናይሮቢ ደግሞ ዝናቡ የሚብስበት ወቅት ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊድሩ ነበር፤ ለጥሎሽ ከወርቁና ከቀሚሱ ጋር ለምራታቸው የሚሰጡት ቦርሳ ፈለጉ። ሉዊ ቪቶን ኔቨርፉል መረጡ። 187,000 ሽልንግ በኤምፔሳ ላኩልን። አልተከራከሩም፣ ቀብድ ብቻ ልክፈል አላሉም። «እናንተን አምኜ ነው ልጆቼ» አሉ፣ ሙሉውን ላኩት።

እቃው ሚያዝያ 23 በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ ቀን ደረሰ። እትዬ ቤት አልነበሩም፤ የግቢው አስካሪ ፈርሞ ተቀበለ። ካርቶኑ ረጥቦ እንደነበር በኋላ ጠይቀነው ነግሮናል፤ የዚያን ቀን ግን ማን ጠየቀው? የኩሪየሩ ወረቀት ላይ ያለችውን ቦታ ሞላ፣ ስሙን ጻፈ፣ አበቃ። እትዬም ጥሎሽ ነው ብለው ካርቶኑን ሳይከፍቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። በስድስተኛው ቀን ለእህታቸው ለማሳየት ከፈቱት።

ደወሉ። «ልጆቼ፣ ማንጠልጠያው ላይ ጠቁሯል። ውስጡም ቀለም ነክቶታል። ምን ሆኖ ነው?»

የዚህን ቦርሳ ቆዳ የማታውቁ እንድትረዱን ትንሽ እናብራራ። አብዛኛው የቦርሳው ገላ የተለበጠ ሸራ ነው፣ ውሃ ብዙም አይጎዳውም። ማንጠልጠያውና ጠርዙ ግን ያልተቀባ የላም ቆዳ ነው። አዲስ ሲሆን ነጣ ያለ ነው፣ በእጅ ወዝና በፀሐይ እያደር የማር መልክ ይይዛል፤ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። አንድ የውሃ ጠብታ ካረፈበት ግን ጥቁር ክብ ይሠራል፣ ያ ክብ አይለቅም። ሎሚ፣ አልኮል፣ የሕፃን ማጽጃ ጨርቅ የሚሉ አሉ፤ እኛም በሌላ ቦርሳ ሞክረን አብሰነዋል። አትሞክሩት።

አሁን እንናገረው፤ ስልኩን ስንሰማ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ ገንዘባችን ነበር። ገንዘቡ እጃችን ገብቷል። ኤምፔሳ ነው፣ በካርድ ቢከፍሉ ኖሮ ባንካቸው ሄደው ክፍያው ይመለስልኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ የካርድ ድርጅቶቹ ለዚህ በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ይሰጣሉ። በኤምፔሳ ወዶ ለላከ ሰው እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ያለው የእኛ ፈቃድ ብቻ ነው። ይህን እናውቅ ነበር፤ አነጋገራችንም ያንን የሚያውቅ ሰው አነጋገር ሆነ።

«እትዬ፣ ሲላክ ንጹህ ነበር፣ ፎቶ አለን። ምናልባት ወጥ ቤት አካባቢ ተቀምጦ እንፋሎት ነክቶት ይሆን?»

«የምን ወጥ ቤት! ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው አልኳችሁ።»

«አስካሪው ደህና ነው ብሎ ፈርሟል።»

«አስካሪው ካርቶን እንጂ ቦርሳ አላየም።»

እንዲህ እየተባባልን ቀናት ሄዱ። በዋትስአፕ ፎቶ ይልካሉ፣ እኛ ሌላ ማዕዘን እንጠይቃለን። ለዴራዋ እንልካለን፣ እሷ «ከእኔ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም» ትላለች። አንድ ቀን ማንጠልጠያውን በሐር ሻርፕ ጠምጥመው እንዲሰጡት ሐሳብ አቀረብን፤ ሻርፑን በነጻ እንሰጣለን አልን። ብዙ ሴቶች ለጌጥም ለጥበቃም ይጠመጥሙታልና ክፉ ሐሳብ አልመሰለንም። እሳቸው ግን ዝም አሉ፤ ከዚያ «ለምራቴ በመጀመሪያው ቀን ነውር ሸፍኜ ልስጣት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አልደወሉም። እኛም ደስ አለን፤ ያለቀ መሰለን። ያ ደስታችን ነው ዛሬም የሚቆጠቁጠን።

ግንቦት 9 በፈረንጁ፣ አርብ ቀን፣ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከኩሪየሩ ገንዘብ ለማስመለስ ተነሳን። ሐሳባችን ግልጽ ነበር፤ ኩሪየሩ ይከፍለናል፣ እኛ ለእትዬ እንከፍላለን፣ ማንም አይጎዳም። ደብዳቤ ጻፍን፣ ፎቶ አያያዝን። መልሱ በዚያው ቀን መጣ፣ ጨዋ መልስ ነበር፣ ሦስት በሮች ዘጋብን።

የመጀመሪያው በር ቀኑ ነው። በአየር ለሚሄድ ዓለም አቀፍ ጭነት ኬንያም ኤምሬትስም የገቡበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አለ። የተበላሸ ጭነት የተረከበ ሰው ጉዳቱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ያለ ቅሬታ መቀበልም እቃው በደህና ለመድረሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። እኛ የጻፍነው በ16ኛው ቀን ነው። እትዬ የነገሩን በስድስተኛው ቀን ነበር፤ ስምንት ቀን በእጃችን ነበረን። እሱን ስለ ወጥ ቤት እንፋሎት ስንከራከር ጨረስነው። ስልክ ደውሎ መናገር ደግሞ አይቆጠርም፤ ጽሑፍ ነው የሚጠየቀው።

ሁለተኛው በር ክብደቱ ነው። ይህን ኮሜርስ ስንማር በመርከብ ጭነት ምሳሌ ተምረነው ነበር፤ ለራሳችን ካርቶን ግን አላሰብነውም። አየር መንገድ ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ጭነት የሚጠየቀው በእቃው ዋጋ ሳይሆን በኪሎ ነው። ጣሪያው በኤስዲአር፣ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ይሰላል፤ እስከ 2024 መጨረሻ በኪሎ 22 ነበር፣ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 26 ሆኗል። አንድ ኤስዲአር በዚያ ሰሞን ወደ 1.35 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ በኪሎ 35 ዶላር ያህል። ካርቶናችን ሁለት ኪሎ ነው። በጊዜው ብንጽፍ እንኳ፣ ሁሉ ቢሳካ እንኳ፣ ጣሪያው 70 ዶላር ነው። ለ1,450 ዶላር ቦርሳ! ሁለት ኪሎ በርበሬና ሁለት ኪሎ ሉዊ ቪቶን በዚህ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ እቃውን ሲያስረክብ እውነተኛ ዋጋውን አስመዝግቦ ተጨማሪ መክፈል አለበት።

ሦስተኛው በር ነው ያሳፈረን። «የእቃውን ዋጋ የሚያሳይ ደረሰኝ ይላኩልን» አሉ። አብሮ የሄደው ደረሰኝ ላይ የተጻፈው 180 ዶላር ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቀረጡ እንዲቀንስ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ እኛም ብልጠት አድርገን ይዘነው ነበር። ያ ወረቀት ታዲያ ቦርሳችን 180 ዶላር ነው ብሎ በእኛ ላይ መሰከረ። ለጉምሩክ 180፣ ለኩሪየሩ 1,450 ብለን እንዴት እንጠይቅ? አንደኛው ወረቀት ሌላኛውን ውሸታም ያደርገዋል። ደብዳቤውን ዘጋነው።

ኢንሹራንስስ? ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አልገባንም ነበር። ብንገባም አይከፍለንም ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ምሽት የዴራዋ እህታችን እውነቱን ነገረችን። ቅርጹን እንዲይዝ ቦርሳውን በጋዜጣ ሞልታዋለች። ነጭ ወረቀት አልቆባት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ፕላስቲክ አላደረገችም፤ ቦርሳው በራሱ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ስለሆነ የሚበቃ መስሏታል። ናይሮቢ ሲደርስ ካርቶኑ ረጠበ፣ ጨርቁ ውሃውን ጠጣ፣ ማንጠልጠያው ከጨርቁ ጠጣ፣ ጋዜጣው ደግሞ ቀለሙን ለገበሩ ሰጠ። የጭነት ኢንሹራንስ ውሎች በአስተሻሸግ ጉድለት የመጣን ጉዳት በተለምዶ አይሸፍኑም፤ ሁሉን ስጋት ይሸፍናል የሚባለው ዓይነት እንኳ። ዝናቡ የእግዜር ነው፣ ጋዜጣው ግን የእኛ ነው። አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ዴራ ውስጥ ስንት ነው? አንድ ዲርሃም አይሞላም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን እትዬ ቤት ሄድን። ግቢው ድንኳን ተተክሎበታል፣ ሽንኩርት የሚልጡ ሴቶች ተደርድረዋል፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። 187,000ውን መኪና ውስጥ ሆነን በኤምፔሳ ላክን፣ ከዚያ ገባን። ቀድመን የላክነው ፊት ለፊት ስንነጋገር ሐሳባችንን እንዳንቀይር ስለፈራን ነው። ይቅርታ ጠየቅን፣ ጋዜጣውንም ነገርናቸው። እትዬ ስልካቸውን አዩ፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ቦርሳውን ከነከረጢቱ አምጥተው ሰጡን። «አሁን እኮ ሱቅ የለም፣ ነገ ጥሎሹ ነው» አሉ፤ አልተቆጡም፣ እንዲያው ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ሌላ ቦርሳ አምጡልኝ አላሉም፣ እኛም የሚመጥን በእጃችን አልነበረም። ቡና ጠጥተን ሂዱ ተባልን፣ ጠጣን። በሰርጉ ማግስት እንደሰማነው ጥሎሹ ያለ ቦርሳ ነው የተሰጠው፤ እትዬ ከራሳቸው እጅ አንድ አምባር አውልቀው ጨምረውበታል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ሁሉንም ተመላሽ ያደረገ ነጋዴ ይበላል» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሁሉም ደንበኛ እንደ እትዬ አይደለም። ከዚያ በፊት አንዲት የካምፓላ ደንበኛ በካርድ ከፍላ፣ ቦርሳው እንደ ተባለው አይደለም ብላ ለባንኳ አመለከተች፤ ገንዘቡም ተያዘ። ቦርሳው ሲመለስልን የእኛ አልነበረም። እንዴት አወቃችሁ ብትሉ፣ ሉዊ ቪቶን እስከ 2021 ድረስ ቦርሳው ውስጥ ፊደልና አራት ቁጥር ያትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በማይክሮቺፕ ቀይሮታል። ከ2007 ወዲህ ባሉት ላይ አንደኛውና ሦስተኛው ቁጥር ሳምንቱን፣ ሁለተኛውና አራተኛው ዓመቱን ይነግራሉ። እኛ የላክነው 3149 ነበር፣ የ2019 ሰላሳ አራተኛ ሳምንት። የመጣው 2188፣ የ2018 ሃያ ስምንተኛ ሳምንት። ፎቶው ስለነበረን ባንኩ ለእኛ ፈረደ፤ ግን ሰባት ሳምንት ፈጀ፣ ገንዘቡም እስከዚያ ታስሮ ነበር። ሴትየዋ ሁለት ተመሳሳይ ቦርሳ ስላላት ተሳስታ እንደላከች ነገረችን። ሊሆን ይችላል። እትዬን ወጥ ቤት ነው ስንል የነበረው ግን የካምፓላዋን እያሰብን ይመስለናል፤ የአንዷን ጥርጣሬ ለሌላዋ ከፈልናት።

ሽቶ ለምትልኩም አንድ ነገር እንበል። ሽቶ በአየር ሕግ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው፣ ሳይነገር በቦርሳ መሀል መወሸቅ የለበትም። እኛ አንዴ ሻርፕ መሀል ጠቅልለን ልከን ጠርሙሱ አፈሰሰ፤ ሻርፑ እስከ ዛሬ ይሸታል፣ ማን ላይ ይከሰሳል?

ከእትዬ በኋላ አሠራራችን ተቀይሯል፣ አንዳንዱ ያሰለቻል። ዴራ ያለችው ስታሽግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጥ በቪዲዮ ትቀርጻለች፤ ቁጥሩ ወይም ቺፑ ያለበት ቦታ፣ ማንጠልጠያው፣ ማዕዘኖቹ፣ ከዚያ ካርቶኑ ሲዘጋና የጭነቱ ወረቀት ሲለጠፍ። ውስጡ የሚሞላው ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ነው። ከጨርቅ ከረጢቱ ውጭ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲኩ ውጭ ባብል፣ ሁለተኛ ካርቶን። ባብሉ በሚያብረቀርቅ ቆዳ ላይ በቀጥታ አያርፍም፤ ሙቀት ካገኘው ክብ ክቡን ያትምበታል። ደንበኛው ደግሞ በደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ እየቀረጸ እንዲከፍት ከመሸጣችን በፊት በጽሑፍ እንስማማለን። ለጥሎሽ ነው፣ ለስጦታ ነው የሚሉ ይከፋቸዋል፤ «ምን ሠርግ ሳይደርስ አስከፈታችሁኝ» ይላሉ። እትዬን እያሰብን እንለምናቸዋለን። ካርቶኑ ረጥቦ ከመጣ የሚቀበለው ሰው፣ አስካሪም ቢሆን፣ ፊርማው አጠገብ «ረጥቧል» ብሎ እንዲጽፍ እንነግራለን። አንድ ቃል ናት፣ ግን ከዚያ ወዲህ «ደህና ተረክባችኋል» የሚለን የለም።

ደረሰኙ ላይ አሁን የምንጽፈው እውነተኛውን ዋጋ ነው። ቀረጡ ጨምሯል፣ ኬንያ ላይ 16 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በላዩ ይመጣል፤ ዋጋችንን ከፍ አድርገናል፣ ደንበኞችም ቀርተውብናል። እዚያው ኢስሊ ያሉ ጎረቤቶቻችን በ200 ዶላር ወረቀት እያስገቡ ከእኛ አርክሰው ይሸጣሉ። አንቀየማቸውም፣ ትናንት እኛም እነሱ ነበርን። በወር ሦስት ቦርሳ ስንሸጥ የነበረው ሁለት ሆኗል።

የእትዬን ቦርሳ ጉድለቱን በፎቶ አሳይተን በ640 ዶላር ሸጥነው። የገዛችው ልጅ ማንጠልጠያውን በሻርፕ ጠምጥማ ትይዘዋለች፣ ደስ ብሏታል። የቀረው 635 ዶላር ግን አሁንም በመሀላችን አለ። ዴራ ያለችው ጋዜጣው የእኔ ነው፣ ሙሉውን ልክፈል ትላለች። ናይሮቢ ካለነው አንዷ አስካሪው ፈርሞ ሳለ ሙሉ ተመላሽ ማድረጋችን ልክ አልነበረም፣ ግማሹን ነበር መመለስ የነበረብን ብላ እስከ ዛሬ ትሟገታለች። ሌላዋ ደግሞ የጠፋውን ስምንት ቀን ታነሳለች፤ ያንን ያጠፋነው ናይሮቢ ያለነው ነንና። ለሦስት እንካፈለው ተብሎ ተጽፏል፣ አልተፈረመም። ቀጣዩ የዕቁብ ዕጣ የሚወጣው ለዴራዋ ነው፤ ከዚያ በፊት እንነጋገራለን ተባብለናል።